ድምፅ ሲጎለምስ፤ የቴአትር ቤት ድምፃውያንና ረጅሙ የመድረክ ዕድሜያቸው

በምሥራቅ ሱዳን የሚኖር የአማርኛ አድማጭ ጥላሁን ገሠሠን የሚያውቀው በዘመን ቅደም ተከተል አይደለም። ከገዳሪፍ እስከ ኸሽም ኤል ቂርባ ከእጅ ወደ እጅ ሲገለበጡ የኖሩት ካሴቶች፣ ኋላም ካሴቱን የተኩት ሲዲዎችና የስልክ ሚሞሪዎች፣ የክቡር ዘበኛውን ወጣትና ስድሳ ዓመት የተጠጋውን አንጋፋ ጎን ለጎን አሰልፈው ያሰማሉ። በመካከላቸው ዓመት የለም፤ የባንድ ስም የለም፤ የአቀናባሪ ስም የለም። አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው ሲጀምር ድምፁ በድንገት ወርዶ፣ ወፍሮና ትንፋሹ አጥሮ ይሰማል። «የካሴቱ ክር ላልቶ ነው» ይላል አንዱ አድማጭ። «አይ፣ ድምፁ አልቆ ነው» ይላል ሌላው። ሁለቱም ፍርዶች የችኮላ ናቸው፤ በተለይ ሁለተኛው ብዙ ነገር ያስቀራል።

ነገሩን ለመረዳት እነዚህ ድምፃውያን ከየት እንደወጡ ማሰብ ያስፈልጋል። የዛሬው ድምፃዊ ከስቱዲዮ ወደ መድረክ ይወጣል። የዚያ ትውልድ ድምፃዊ ግን የቴአትር ቤት ሠራተኛ ነበር። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር ቴአትር ቤት ከሆነ በኋላ ዘፈንና ተውኔት በአንድ መጋረጃ ሥር ይኖሩ ነበር፤ እነ ኢዮኤል ዮሐንስ ተውኔትም ግጥምም ይጽፉ ነበር፤ የሚዘፍነው ይተውናል፣ የምትተውነው ትዘፍናለች። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር (የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር) የመክፈቻው ተውኔት የመኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦሪዮን» ነበር። በዚያ ቤት ሙዚቃውን ይመሩ ከነበሩት አንዱ አርመናዊው ነርሲስ ናልባንዲያን ናቸው፤ ሥራቸውም ሙዚቃን ከተውኔት ጋር ማስማማትን ይጨምር ነበር። በአውሮፓና በአሜሪካ «ሙዚቃዊ ቴአትር» ተብሎ የሚታወቀው ዘርፍ በአማርኛ ራሱን ችሎ በስፋት ባይቆምም፣ የድምፃዊው የሥራ ጠባይ ግን ያው ነበር፦ ደመወዝ፣ ልምምድ፣ ሳምንታዊ ትርኢት፣ ወደ ክፍለ ሀገር ጉዞ፣ ቢታመምም መድረክ ላይ መገኘት።

ጥላሁንም የዚህ ቤት ልጅ ነው። መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልዶ ወሊሶ ከአያቱ ዘንድ አደገ። በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ሳለ ዝንባሌውን አይተው ወደ ሙዚቃ እንዲያመራ ያበረታቱት ርእሰ መምህር ሸዳድ የተባሉ ሱዳናዊ ነበሩ፤ ይህ ለዚህ አካባቢ አንባቢ ሳይጠቀስ ሊታለፍ የማይገባ ነገር ነው። የሀገር ፍቅር ተዋንያን ወሊሶ መጥተው ትርኢት ማሳየታቸው ደግሞ ልቡን አሸፈተው። ከቤት ጠፍቶ፣ ተይዞ ተመልሶ፣ ዳግመኛ ጠፍቶ አዲስ አበባ ገባ። ሀገር ፍቅር ተቀጠረ፤ ከዚያ ወደ ክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ፣ በመጨረሻም ወደ ብሔራዊ ቴአትር ተዛወረ። በአፍላ ዕድሜው የጀመረው ሥራ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በትንሣኤ ዕለት፣ በ68 ዓመቱ እስካረፈ ድረስ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ዘለቀ ማለት ነው።

ግማሽ ምዕተ ዓመት ለጉሮሮ ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር ማሰብ ይቻላል። በማንቁርት ውስጥ ያሉት ሁለቱ የድምፅ አውታሮች ወንድ ሲናገር በሰከንድ መቶ ጊዜ ያህል፣ ሴት ስትናገር ሁለት መቶ ጊዜ ያህል ይጋጫሉ። ዘፋኙ ወደ ላይ ወጥቶ በሰከንድ 300 ንዝረት ላይ ቢቆም፣ ከአንድ ሰዓት ያልተቋረጠ ድምፅ የሚገኘው ግጭት ከ1 ሚሊዮን ይበልጣል። ግጭቱ በኃይል ሲሆን አውታሮቹ ያብጣሉ፤ እብጠቱ ሳይድን ሲደጋገም ጠጥሮ እንደ እጅ ጉብር ይቆያል፤ አንዳንዴም ደም ይቋጥራል። ይህ ከሥራ የሚመጣው ድካም ነው። ከዕድሜ የሚመጣው ሌላ ነው፦ የማንቁርቱ ልምጭ አጥንት እየጠነከረ ይሄዳል፣ የአውታሮቹ ጡንቻ ይሳሳል፣ ሳንባ የሚይዘው ትንፋሽ ይቀንሳል። የሴቶች ድምፅ ከአርባዎቹ መጨረሻ በኋላ ወደ ታች ሲወርድ የወንዶቹ በእርጅና ወደ ላይ መሳሳት ይጀምራል። ቀድሞ ፈጣንና ጠባብ የነበረው መርገብገብ ይዘገያል፤ ይሰፋልም። ተራው አድማጭ «ተንቀጠቀጠ» የሚለው ይህንኑ ነው።

የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች የቆሙት በናስ መሣሪያዎች ላይ መሆኑ ደግሞ የራሱን ዕዳ አስከትሏል። ትራምፔትና ትሮምቦን ከኋላ ሲነፉ ድምፃዊው ከእነርሱ በላይ መሰማት አለበት፤ ማይክሮፎን ቢኖር እንኳ የራሱን ድምፅ መልሶ የሚያሰማው ድምፅ ማጉያ ከፊቱ አልነበረም። ራሱን የማይሰማ ዘፋኝ ይጮኻል። ጥላሁን ገና በወጣትነቱ በሙሉ ደረቱ፣ አንገቱ እስኪወጠር የሚዘፍነው ይህንን ሁሉ ናስ አልፎ የመጨረሻውን ረድፍ ለመድረስ ነው። ውበቱም፣ ወጪውም ከዚያ ይመጣል።

እንግዲህ የጥያቄው እምብርት እዚህ ላይ ነው፦ ወጪው ሲበዛ ዘፋኙ ምን አደረገ? የጥላሁንን የ1960ዎቹ ሸክላዎች ከኋለኞቹ ካሴቶች ጋር አስጠግቶ የሰማ ሰው የሚያስተውለው የመጀመሪያው ነገር ቃሉ ነው። በወጣትነቱ ቃሉ በዜማው ይወሰዳል፤ የስንኙ መጨረሻ ፊደል በረጅሙ ተዘርግቶ ትርጉሙን እስኪውጠው ድረስ ይሄዳል። በኋለኞቹ ግን ፊደሉ እያንዳንዱ ተረግጦ ይወጣል፤ ስንኙ ለሁለት ይከፈላል፤ ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ ራሱ ትርጉም ያገኛል። ቀድሞ በከፍታ ይገለጽ የነበረው ሐዘን አሁን በመዘግየት ይገለጻል። ይህ የድምፅ መውደቅ ተብሎ በደፈናው የሚታለፍ አይደለም፤ ተዋናይ የሆነ ዘፋኝ ከቴአትር ቤቱ ይዞት የኖረው የንግግር ጥበብ ጉሮሮው ሲደክም ለእርዳታ መጥቷል። በ1980ዎቹ አጋማሽ አንገቱ ላይ በስለት ከደረሰበት ከባድ ጉዳት በኋላ፣ ከስኳር ሕመም ጋር በተያያዘም እግሩን ካጣ በኋላ፣ ይህ ጥበብ ባይኖረው ኖሮ ዝምታ ብቻ ይቀር ነበር።

ይህ ማለት ግን የኋለኞቹ ሥራዎች ሁሉ ይወደሳሉ ማለት አይደለም። ብዙዎቹ የተበደሉት በዘፋኙ ሳይሆን በቅንብሩ ነው። ኪቦርድና የከበሮ ማሽን ባንዱን በተኩበት ጊዜ በዘፋኙ ስንኞች መካከል የነበረው ክፍት ቦታ ተደፈነ። ሳክስፎኑ ይመልስለት የነበረውና እርሱ ትንፋሽ ይሰበስብበት የነበረው ቦታ በማሽን ድምፅ ተሞላ። ለደከመ ጉሮሮ ከዚህ የከፋ አጃቢ የለም፤ አዝማሪው እንኳ ማሲንቆውን ብቻውን እያስጮኸ የሚያርፍበት ጊዜ አለው። የጥላሁንን የመጨረሻ ዘመን በትክክል ሊገመግም የሚሻ ሰው በቅድሚያ አቀናባሪውን ሊወቅስ ይገባዋል።

ማሕሙድ አሕመድ የሄደበት መንገድ ሌላ ነው። በ1954 ዓ.ም. ግድም አሪዞና ክለብ ውስጥ በጉልበት ሥራ ላይ ሳለ፣ የክቡር ዘበኛ መደበኛ ዘፋኝ ሳይመጣ በቀረበት ምሽት ተነሥቶ መዝፈኑ የታወቀ ታሪክ ነው። የማሕሙድ ድምፅ ከመጀመሪያውም በመርገብገብ ላይ የቆመ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ግድም በተቀረጸው፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ክራምድ ዲስክስ በአውሮፓ ባሳተመው «እሬ መላ መላ» ላይ የሚሰማው ያ ፈጣን መንቀጥቀጥ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ድምፁ በአንድ ነጥብ ላይ እንዳይፈጭ ያደርገዋል። ዕድሜ መርገብገቡን ሲያሰፋው አድማጩ ብዙም አልደነገጠም፣ ጆሮው ለምዶታልና። ማሕሙድ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2008 በኒው ዮርክ ሊንከን ሴንተር ከአለማየሁ እሸቴና ከጌታቸው መኩሪያ ጋር ሲቆም ዕድሜው 67 ነበር። በጥር 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሚሌኒየም አዳራሽ መድረክን ሲሰናበት ደግሞ 83 ዓመቱ ነበር። ከጉሮሮ የሚፈለገውን ያህል ከፊት፣ ከትከሻና ከእጅ ማውጣትን ያውቃል፤ ይህም የቴአትር ቤቱና የክለቡ ትምህርት ነው።

የሴቶቹ ነገር ይበልጥ የሚያሳዝን ነው፤ ብዙዎቹ ድምፃቸው ሳይደክም በኑሮ ጫና ከመድረክ ተገፍተዋልና፣ ስለ ጉልምስናቸው የሚነገረው ጥቂት ነው። ከዚህ ውስጥ አስናቀች ወርቁ ለብቻዋ ትቆማለች። በብሔራዊ ቴአትር መድረክ የተዋናይነት ስሟ ከዘፋኝነቷ እኩል የገነነ ነበር፤ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ አረፈች። ክራሯን ይዛ ስትዘፍን ድምፅዋ ከንግግር ብዙም አይርቅም። ናስ አልነበረባትም፤ ማንንም ለማለፍ መጮኽ አላስፈለጋትም። ሻካራነቱ ገና ከወጣትነቷ ጀምሮ የድምፅዋ ጠባይ ስለነበር እርጅና ሲመጣ የነጠቃት ነገር ትንሽ ነው። ድምፅዋን «ቆንጆ አይደለም» የሚሉ ነበሩ፤ እነርሱ ያሞገሷቸው ብዙ ቆንጆ ድምፆች ግን አስናቀች በዘፈነችበት ዕድሜ አልተሰሙም።

ከኢትዮጵያ ውጭም ሁለቱን መንገዶች የሚያሳዩ አሉ። የእንግሊዟ ጁሊ አንድሩስ፣ የሙዚቃዊ ቴአትር ንግሥት፣ በብሮድዌይ በየሳምንቱ ስምንት ጊዜ እየተጫወተች ሳለ ጉሮሮዋ ታውኮ እ.ኤ.አ. በ1997 ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ያ ንጹሕ ከፍተኛ ድምፅ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም። በአንጻሩ ኡሙ ኩልሱም እ.ኤ.አ. በ1968 ኦምዱርማን መጥታ ስትዘፍን ስድሳ ዓመት አልፏት ነበር፤ ከወጣትነቷ ሸክላዎች ጋር ሲነጻጸር ድምፅዋ በጣም ወርዷል፣ ስፋቱም ጠቧል። ደራሲዎቿ ግን ዜማውን ለዚያ ዕድሜ ለክተው ሰፉላት። አንዱን ስንኝ ደጋግማ በየጊዜው ሌላ አድርጋ ስታወጣው ሕዝቡ ከፍታውን ከነጭራሹ ረሳው። መሐመድ ዋርዲም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1957 ከኦምዱርማን ሬዲዮ የተሰማው ኑባዊ፣ ከስደት ተመልሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በኩላሊት ንቅለ ተከላ ሕይወቱ ተርፎ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 እስኪሞት ዘፍኗል። ወደ ኸሽም ኤል ቂርባ ግድብ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1964 የሰፈሩት ሐልፋውያን የእርሱን ወጣትና አሮጌ ድምፅ ለይተው ያውቃሉ፤ የኋለኛውን ግን ድምፁ አልቋል ብለው አይንቁትም። የኢትዮጵያ አድማጭ ይህን ከጎረቤቱ ቢማር አይከፋም።

ይህ ሁሉ የታላላቆቹ ብቻ ጉዳይ ሆኖ እንዳይቀር አንድ ነገር መጨመር ይገባል። በገዳሪፍና በኸሽም ኤል ቂርባ አካባቢ በሠርግ ድንኳን የሚዘፍኑ ወጣቶች የሚሠሩት ከቴአትር ቤቱ በከፋ ሁኔታ ነው፤ ደረቅ ሙቀት፣ አቧራ፣ የጄኔሬተር ጩኸት፣ እስከ ንጋት የማያልቅ ሌሊት። ጉሮሮ ሲዘጋ የሚታዘዘው ጥሬ እንቁላል፣ ማር፣ ዝንጅብል ነው። ማሩና ዝንጅብሉ ጎን አይጎዱም፤ ነገር ግን የሚዋጥ ነገር ሁሉ በምግብ ቧንቧ ስለሚያልፍ የድምፅ አውታሮቹን አይነካም። አውታሮቹን የሚያርሰው ቀኑን ሙሉ የተጠጣ ውኃ፣ የእንፋሎት ትንፋሽና ዝምታ ነው። ድምፅ መጎርነኑ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ ሐኪም ማየት እንጂ በላዩ መዝፈን አያዋጣም።

ትልቁ ጥፋት ግን ከቃና ምርጫ ይመጣል። የሠርጉ ዘፋኝ የጥላሁንን ዘፈን የሚጀምረው ጥላሁን በሃያዎቹ ዕድሜው፣ በራሱ ጉሮሮ በቀረጸበት ከፍታ ላይ ነው፤ ኪቦርድ ተጫዋቹ ካሴቱን ሰምቶ በዚያው ኪይ አጥንቶታልና። ጥላሁን ራሱ በስድሳ ዓመቱ በዚያ ኪይ አልዘፈነውም። አስናቀች ክራሯን የምትቃኘው ጉሮሮዋ በዚያ ዕለት በዋለበት ልክ ነበር፤ አውታሩን ጥቂት ታላላ ነበር፣ ዘፈኑም አብሯት ይወርድ ነበር። በድንኳኑ ውስጥ ያለው ኪቦርድም ለዚሁ ሥራ የተሠራች አንዲት የትራንስፖዝ ቁልፍ አለችው።