ከውጭ ስለ ቆመው እንግዳ፤ በራእይ 3፥20 ትርጓሜ ላይ የቀረበ ሐተታ

በራእየ ዮሐንስ ምዕራፍ 3 ቍጥር 20 ጌታ በደጅ ቆሞ እንደሚያንኳኳ፥ ድምፁን ሰምቶ ለከፈተለትም ገብቶ ከእርሱ ጋራ ማዕድ እንደሚቈርስ ተጽፏል። ብዙዎች ሰባክያን ይህን ቃል ያላመነውን ሰው ወደ ሃይማኖት ለመጥራት ይጠቅሱታል። ስብከቱ ነውር የለበትም፤ ትርጓሜው ግን ከንባቡ ጋራ አይስማማም። መልእክቱ የተላከው ለአረማዊ ሳይሆን በሎዶቅያ ላለችው ቤተ ክርስቲያን ነውና። የሎዶቅያ ሰዎች ከብዙ ዘመን ጀምሮ ክርስቲያን ነበሩ፤ ቅዱስ ጳውሎስም ለቈላስይስ ሰዎች የጻፈው መልእክት በእነርሱም ዘንድ እንዲነበብ አዝዞ ነበር (ቈላ. 4፥16)። እንግዲህ የተዘጋው ደጅ የክርስቲያን ደጅ ነው።

ሎዶቅያ ዛሬ ቱርክ በሚባለው አገር በሊቆስ ወንዝ ሸለቆ የነበረች ባለጸጋ ከተማ ናት፤ በጥቍር የበግ ጠጕሯም የታወቀች ነበረች። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ60 ዓ.ም. የምድር መናወጥ ባፈረሳት ጊዜ ከሮም መንግሥት ርዳታ ሳትቀበል በገዛ ሀብቷ መታነጿን ታኪቱስ የተባለው የሮም ታሪክ ጸሐፊ መስክሯል። ከማንም ምንም አንሻም ማለት ለዚያች ከተማ ሰዎች ክብር ነበረ። በገበያና በአደባባይ ይህ ባልከፋ ነበር፤ የከፋው ይህንኑ ኵራት ይዘው ወደ ጸሎት ቤት መግባታቸው ነው። ለጴርጋሞን በተጻፈው የበለዓም ትምህርት፥ ለትያጥሮን በተጻፈውም የኤልዛቤል ስም ይነሣል፤ ለሎዶቅያ በተጻፈው ግን የኑፋቄ ስም ከቶ አይገኝም። ደጁን የዘጋው ጥጋብ ነው።

ከዚህም ሌላ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። መልእክቱ በስም የተጻፈው ለቤተ ክርስቲያኒቱ መልአክ ሲሆን፥ ይህን መልአክ ኤጲስ ቆጶሱ ነው ብለው የሚተረጕሙ አሉ። እንደዚህ ከሆነ አስቀድሞ የሚንኳኳው የመምህሩ ደጅ ነው። ቃሉን አንድም እያለ ለሌላው ሲያወርድ የሚውል ሊቅ ቃሉ ለራሱ የተላከ መሆኑን መርሳቱ ከመሃይምኑ ይልቅ ይቀርበዋል፤ የተዘጋ ቤት ከውስጡ መጽሐፍ ስለ ተመላ የተከፈተ አይባልምና።

የኢትዮጵያ ሰው ይህን ምሥጢር ለማስተዋል ሩቅ መሄድ አያሻውም። በቀድሞው ሥርዐት ባለጕዳይ ሁሉ በመኳንንት ቤት ደጅ ይጠና ነበር፤ እልፍኝ አስከልካዩ ካልፈቀደም ወራት ያልፉ ነበር። በዚህ ቃል ግን ደጅ የሚጠናው ንጉሡ ነው፤ እልፍኝ አስከልካዩም የሰው ፈቃድ ነው። በጽርኡ ንባብ ማንኳኳቱ ተፈጽሞ ያለፈ ሥራ ሳይሆን ያልተቋረጠ ሥራ ሆኖ ተጽፏል። ልብ ይጠበቃል እንጂ አይከፈትም የሚል ሰው ምሳሌ 4፥23ን ይጠቅስ ይሆናል፤ ነገር ግን በሉቃስ 12፥36 ትጉሃን አገልጋዮች የተመሰገኑት ጌታቸው ባንኳኳ ጊዜ ፈጥነው ስለሚከፍቱ ነው። በረኛ የሚቀመጠው በባለቤቱ ላይ ሊዘጋ አይደለም።

ደጁን የሚከፍት ማነው የሚል ጥያቄ ይነሣል። በራእዩ የሚከፍተው ሰው ነው፤ በግብረ ሐዋርያት 16፥14 ግን የልድያን ልብ የከፈተው ጌታ ነው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ይህን ሲያስታርቅ መክፈቱን ለእግዚአብሔር፥ ማድመጡን ለልድያ ሰጥቶ ሥራውን የሁለቱም አድርጎታል። ትርጓሜው የቀና ነው፤ ሆኖም ቅዱስ ሉቃስ ከዚህ ቀጥሎ የጻፈውን ማየት ያስፈልጋል። (በአማርኛው መጽሐፍ ልድያ ቀይ ሐር ሻጭ ትባላለች፤ የጽርኡ ቃል ግን ሐርን አይጠራም፤ ባለጸጎችና ሹማምንት የሚለብሱትን ውድ ቀይ ቀለም ያለው ልብስ የምትሸጥ ማለት ነው።)

ሉቃስ ስለ ልቧ መከፈት የጻፈው ግሥ በወንጌሉ በምዕራፍ 24 ሦስት ጊዜ ይገኛል፤ በቍጥር 31 ስለ ደቀ መዛሙርት ዓይን፥ በቍጥር 32 ስለ መጻሕፍት፥ በቍጥር 45 ስለ አእምሮ ተነግሯል። ልድያ ሐዋርያትን ወደ ቤቷ እንዲገቡ ግድ ማለቷን የሚናገረውም ግሥ በኤማሁስ ሁለቱ ደቀ መዛሙርት ጌታን ግድ ካሉበት ግሥ ጋራ አንድ ነው፤ በሐዲስ ኪዳንም ከእነዚህ ከሁለቱ ስፍራዎች በቀር አይገኝም። እንግዲህ የልድያን እንግዳ መቀበል ተራ ቸርነት አድርጎ የሚያልፍ ተርጓሚ የሉቃስን ነገር ከመካከሉ ቈርጦታል። በኤማሁስ እንግዳው አልፎ የሚሄድ መስሎ ነበር፤ ባይለምኑት ኖሮ ማዕዱም የዓይናቸውም መከፈት በቀረ ነበር። በልድያ ደግሞ የልቧ መከፈት በቤቷ ደጅ ታየ። በቅዳሴ ጊዜ ካህኑ ልብን ከፍ እንዲያደርጉ ሲያዝዝ፥ ሕዝቡ ልባቸው በእግዚአብሔር ዘንድ እንዳለ ይመልሳሉ። ይህን መልሶ ወጥቶ ከደጀ ሰላሙ ከቆመው ድኻ ፊቱን የሚያዞር፥ ወይም የመበለቲቱን አቤቱታ ለነገ የሚቀጥር ሰው፥ ከሎዶቅያ ሰዎች የሚለይበት አይታወቅም።

ግብረ ሐዋርያትም የልድያን ነገር በጥምቀቷ ቀን አልጨረሰውም። መጀመሪያ በተቀበለቻቸው ጊዜ ጳውሎስና ሲላስ የተከበሩ መምህራን ነበሩ። በኋላ ግን በሕዝብ ፊት ልብሳቸው ተገፍፎ፥ በበትር ተደብድበው፥ እግራቸው በግንድ ታስሮ አደሩ፤ ሹማምንቱም ከተማውን ለቀው እንዲሄዱ ለመኗቸው። ከሹማምንትና ከባለጸጎች ጋራ ለምትገበያይ ሴት እንዲህ ያለ እንግዳ ለንግዷ አይበጅም። በቍጥር 40 እንደ ተጻፈ ከወህኒ ወጥተው የገቡት ወደ ልድያ ቤት ነው፤ ወንድሞችንም አይተው ካጽናኗቸው በኋላ መንገዳቸውን ሄዱ።