ወንበር ማዞርና መማር

በኮሌጅ ትምህርት ዘንድ ባሁኑ ጊዜ «አሳታፊ ዘዴ» ስለሚባለው ብዙ ይነገራል። እኛ ከዘዴው ጋራ ጠብ የለንም፤ የምንነቅፈው ክፍል ውስጥ ሲገባ የሚይዘውን መልክ ነው። አምስት አምስት ሆነን ወንበራችንን እንድናዞር እንታዘዛለን፤ አንዱ ያስባል፥ አንዱ ይጽፋል፥ የቀረነው ስማችንን በወረቀቱ ላይ እናስገባለን። ይህ የመምህሩን ንግግር ወደ አንድ ጓደኛችን አፍ ማዛወር ነው እንጂ ሌላ አይደለም። መምህሩ ቢናገር ስሕተቱ እንኳ ባነሰ ነበር!

የዘዴው ደጋፊዎች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2014 ስኮት ፍሪማንና ባልደረቦቹ ያወጡትን ምርምር ይጠቅሳሉ። እነዚህ ሰዎች 225 ጥናቶችን ሰብስበው ቢመረምሩ፥ ንግግር ብቻ ከሰሙት ተማሪዎች በአማካይ 33.8 ከመቶ ሲወድቁ በአሳታፊ ዘዴ ከተማሩት የወደቁት 21.8 ከመቶ ሆነው ተገኙ። ቍጥሩ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን የተመረመሩት የሳይንስ፥ የምሕንድስናና የሒሳብ ትምህርቶች ስለ ሆኑ፥ በዚህ ብቻ ለታሪክ ወይም ለሕግ ክፍል መፍረድ አይቻልም። ደግሞም «አሳታፊ» በሚለው ስም ሥር እጅግ የተለያዩ አሠራሮች ተደምረዋል።

ከነዚህ ውስጥ ለእኛ ግልጽ ሆኖ የታየን፥ የሐርቫርድ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያስለመደው ነው። ከባድ የጭነት መኪናና ትንሽ አውቶሞቢል ቢጋጩ፥ በሌላው ላይ የበለጠ ኀይል የሚያሳርፈው የትኛው ነው? (ኀይሉ እኩል ነው፤ ብዙ ሰው ግን የጭነት መኪናው ይላል።) ተማሪው በመጀመሪያ ብቻውን አስቦ መልሱን ያሳውቃል፤ ከጎኑ ካለው ጋራ የሚከራከረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቀጥሎም እንደ ገና ይመልሳል። የነገሩ ቍልፍ ያለው ብቻውን በሚመልስባት ደቂቃ ነው። አስቀድሞ መልስ ያልሰጠ ሰው መሳሳቱን በምን ያውቃል?

ይህ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። የቅኔ ተማሪ ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን ይቈጥራል፥ ከዚያም ለአስነጋሪው ነግሮ ይታረማል። የጓደኛውን ቅኔ ይዞ መቅረብ ግን ነውር ነው።

በእኛ በተማሪዎችም ላይ የሚወድቅ ወቀሳ አለ። በ2019 በዚያው በሐርቫርድ የተደረገ የፊዚክስ ክፍል ጥናት እንደሚያስረዳው፥ በአሳታፊ ዘዴ የተማሩት ይበልጥ ሲያውቁ ያነሰ የተማሩ መስሏቸው ነበር። እኛም በመንፈቁ መጨረሻ መምህራንን በምንመዝንበት ቅጽ ላይ፥ ያደከመንን ዝቅ አድርገን ጥሩ ተናጋሪውን ከፍ እናደርጋለን። መምህሩም ይህን ስለሚያውቅ ወደ ንግግሩ ቢመለስ አያስደንቅም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ጥቂት ነው፤ ወንበሩ ከመዞሩ በፊት ሁለት ደቂቃ ይሰጠን፥ እያንዳንዳችንም በየወረቀታችን እንጻፍ።