በሁለት ባለቤት መካከል ያለ ማዘርቦርድ

ድሬ ዳዋ ውስጥ ያገለገለ ኮምፒውተር የሚገዛ ሰው በቅድሚያ የሚጠይቀው ስለ ራሙ፣ ስለ ሃርድ ዲስኩና ስለ ሲፒዩው ትውልድ ነው። ትንሽ የገባው ደግሞ ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ይጠይቃል። የባዮሱን ቨርዥን የሚጠይቅ የለም ማለት ይቻላል፤ ሻጩም አያነሳውም። ታይዋን በሚባለው ገበያም ሆነ በከዚራ በኩል ዕቃው አቧራው ተነፍቶ፣ አዲስ ዊንዶውስ ተጭኖለት፣ አማርኛ መጻፊያው ሳይቀር ገብቶለት ይቀርባል። ከሁሉም ቀድሞ የሚነሳው፣ ሌላውን ሁሉ የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ባዮሱ፣ ግን የቀድሞው ባለቤት እንደተወው ይቀራል። ይህ ልማድ መቀየር አለበት ባይ ነኝ። ያገለገለ ማዘርቦርድ ባዮሱን ለማደስ ከሁሉ የሚሻለው ጊዜ ከአንዱ እጅ ወጥቶ ወደ ሌላው ሳይገባ፣ ባዶውን ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠበት ያ አጭር ጊዜ ነው። ሥራውም የሻጩ ወይም ለሻጩ የሚሠራው ባለሙያ እንጂ የገዢው መሆን የለበትም።

ምክንያቱን ለማየት ከቺፑ እንጀምር። ባዮሱ የሚቀመጠው አብዛኛውን ጊዜ ስምንት እግር ባላት ጥቁር ቺፕ ላይ ነው። ዊንቦንድ የሚሠራት ከሆነች ጀርባዋ ላይ 25ኪው64 ወይም 25ኪው128 የሚል ይነበባል። ቁጥሩ ሜጋቢት ስለሆነ የመጀመሪያዋ ስምንት፣ ሁለተኛዋ አሥራ ስድስት ሜጋባይት ትይዛለች። በዚህች ቦታ ላይ ያለው የአምራቹ ፕሮግራም ብቻ አይደለም። የማሽኑ ሴሪያል ቁጥር፣ ፋብሪካው የሰጠው የዊንዶውስ ቁልፍ፣ በብዙ የኢንቴል ቦርዶች ላይ የኔትወርክ ካርዱ ማክ አድራሻ፣ ለዚያው ቦርድ ብቻ የተዘጋጀው የኢንቴል ማኔጅመንት ኢንጂን መረጃ፣ የተቀመጠ የይለፍ ቃል ካለም ብዙ ጊዜ እሱ ጭምር እዚያ ይገኛል። ከአምራቹ ድረ ገጽ በሚወርደው ፋይል ውስጥ እነዚህ የሉም። ፕሮግራሙ ቢጠፋ ይተካል፤ የቦርዱ የራሱ የሆነው ግን አንድ ጊዜ ከጠፋ ከዚያ ፋይል አይመለስም። ስለዚህ ማደስ የሚባለው ሥራ የሚጀምረው ከመጻፍ ሳይሆን ያለውን አንብቦ ከማስቀመጥ ነው።

ንባቡ የሚሠራው እንዲህ ነው። ፓወሩ ይነቀላል፤ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ይለያል፤ ሲአር2032 የተባለችው የሰዓት ባትሪም ትወጣለች። የቺፑ ጥግ ላይ ያለችው ነጥብ አንደኛውን እግር ስለምታሳይ ከፕሮግራመሩ (ቺፑን ከሚያነበውና ከሚጽፍበት መሣሪያ) ጋር የተያያዘው ክሊፕ ቀይ ሽቦው በዚያ በኩል ሆኖ ቺፑን ይነክሳል። ፕሮግራመሩ የቺፑን ስም በትክክል ካወቀ ይነበባል፤ የተገኘው ፋይል ይከፈትና ይታያል። ከላይ እስከ ታች ኤፍኤፍ ብቻ ከሆነ ክሊፑ አልነካም፤ ባዶ ነገር ነው የተነበበው። ትርጉም ያለው ነገር ቢታይም አይበቃም፤ ክሊፑ ተነስቶ እንደገና ይነክስና ሁለተኛ ንባብ ተወስዶ ሁለቱ ፋይሎች ይነጻጸራሉ። በአንዲት ባይት እንኳ ከተለያዩ ሁለቱም አይታመኑም። እዚህ ላይ የቮልቴጅ ነገር አለ። አብዛኞቹ ቺፖች በ3.3 ቮልት ሲሠሩ ብዙ ላፕቶፖች ላይ ያሉት 1.8 ቮልት ናቸው፤ ለእነሱ አዳፕተር ያስፈልጋል። ርካሽ ስለሆነ በየቦታው የሚገኘው ጥቁሩ ሲኤች341ኤ ፕሮግራመር ደግሞ ለቺፑ 3.3 ቮልት ቢሰጥም በመረጃ መስመሮቹ ላይ 5 ቮልት ይልካል። ምንም ሳይገጥማቸው የሚጠቀሙበት ብዙዎች ናቸው፤ ይሁን እንጂ የሰው ዕቃ የሚነካ ባለሙያ ይህን አስተካክሎ ወይም የተሻለውን ገዝቶ ሊሠራ ይገባል።

አሮጌ ባዮስ ምን ይጎዳል? መጀመሪያ የሚታየው ጉዳት ተራ ነው። ኤች110 ቺፕሴት ያላቸው ቦርዶች እ.ኤ.አ. በ2015 ሲወጡ ለስድስተኛው ትውልድ ኢንቴል ተብለው ነበር፤ በ2017 መጀመሪያ የወጣውን ሰባተኛ ትውልድ የሚቀበሉት ባዮሳቸው ከታደሰ ብቻ ነው። ቦርዱን ገዝቶ ከሌላ ሱቅ ሰባተኛ ትውልድ ሲፒዩ የሚያስገባ ሰው የሚያገኘው ጨለማ ስክሪን ነው። ሲፒዩው ሞቷል ብሎ ይመልሳል፤ ሌላ ያስገባል፤ ያም አይነሳም። ቦርዱን ለማደስ ለጊዜው የሚውል ስድስተኛ ትውልድ ሲፒዩ ያስፈልገው ነበር፤ እሱ ደግሞ ከሱቁ መሳቢያ እንጂ ከገዢው ቤት አይገኝም። ሁለተኛው ጉዳት የማይታየው ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ስፔክተርና ሜልትዳውን የተባሉት የሲፒዩ ክፍተቶች ይፋ ሲሆኑ ከመፍትሔው ከፊሉ ወደ ማሽኖች የደረሰው በባዮስ በኩል ነበር። በሐምሌ 2024 ደግሞ ባይነርሊ የተባለው ድርጅት በመቶዎች የሚቆጠሩ የኮምፒውተር ሞዴሎች፣ የዴል፣ የኤሰርና የጊጋባይት ጭምር፣ ሴኪዩር ቡታቸው (ማሽኑ ሲነሳ የተፈረመ ፕሮግራም ብቻ የሚያሳልፈው ጥበቃ) ላይ ለሙከራ የተሠራ ቁልፍ ይዘው እንደተሸጡ አጋለጠ። ቁልፉ ስሙ ላይ «አትመኑት» የሚል በእንግሊዝኛ የተጻፈበት ነው፤ ምስጢሩም ወጥቶ ነበር። ሴኪዩር ቡት ራሱ የሚደገፍባቸው የማይክሮሶፍት የ2011 ሰርተፍኬቶችም ከሰኔ 2026 ጀምሮ ጊዜያቸው ያልፋል። ማሽኑ በዚያ ቀን መነሳት አያቆምም፤ ግን አዲሱ ሰርተፍኬት ካልገባለት ከእንግዲህ የሚመጡ የማስነሻ ጥበቃዎች አይደርሱትም። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ በጥቅምት 2025 ከተቋረጠ ወዲህ ሰዉ ወደ ዊንዶውስ 11 እየሄደ ስለሆነ፣ ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

እንግዲህ ገዢው ይህን አንብቦ እቤቱ ቢያድሰውስ? የጊዜው ጉዳይ ወሳኝ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ዊንዶውስ ዲስኩን በቢትሎከር ከቆለፈው የባዮስ ለውጥ ሲያይ አርባ ስምንት አሃዝ ያለው የማገገሚያ ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል። አዲሱ ዊንዶውስ 11 በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገባበት ብዙ ጊዜ ዲስኩን ባለቤቱ ሳያስተውል ይቆልፋል፤ ስለዚህ ቁልፍ መኖሩን እንኳ የማያውቅ ሰው ቁልፉን ይጠየቃል። በኤኤምዲ ቦርዶች ላይ ቁልፎችን የሚጠብቀው ቲፒኤም የሚሠራው በፈርምዌሩ በኩል ከሆነ አንዳንድ ማሻሻያዎች ውስጡ ያሉትን ቁልፎች ስለሚያጠፉ ማስጠንቀቂያ ያወጣሉ። ከታደሰ በኋላ የዲስኩ አሠራር ከሬይድ ወደ ኤኤችሲአይ ተመልሶ የተጫነው ዊንዶውስ አልነሳም የሚልበት ጊዜም አለ። አንድ የሒሳብ ባለሙያ የዓመት ሰነዱን በያዘ ማሽን ላይ ይህ ቢደርስበት ጥፋቱ የባዮሱ ዕድሜ ሊያመጣ ከሚችለው ሁሉ ይበልጣል። ባዶ ቦርድ ላይ ግን ከዚህ አንዱም የለም። የሚጠፋ ሰነድ የለም፣ የተቆለፈ ዲስክ የለም፣ ዊንዶውሱ ገና አልተጫነም። የተሸጠ ቀን ይህ ዕድል ይዘጋል።

«ካልተበላሸ አትንካው» የሚሉ አሉ። ሕጉ የጥገና ሕግ ነው፤ እኔም አከብረዋለሁ። የሚሠራው ግን ባለቤት ላለውና ታሪኩ ለሚታወቅ ማሽን ነው። ያገለገለ ቦርድ አልተበላሸም የምንለው ስለነሳ ብቻ ነው፤ ማን ምን እንደጻፈበት፣ በየትኛው ቨርዥን ላይ እንደቆመ፣ የሌላ ቦርድ ባዮስ ተገልብጦበት እንደሆነ ሳይታይ እንዲህ ማለት ግምት ነው። ከዚህ ተቃውሞ ሥር ያለው እውነተኛ ስጋት መብራት ነው። መጻፉ የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ቢሆንም ቺፑ ግማሹ ተሰርዞ ሳለ መብራት ቢሄድ ቦርዱ አይነሳም፤ ድሬ ዳዋ ውስጥ ደግሞ መብራት አስጠንቅቆ አይሄድም። ይህ ስጋት ግን ሥራው ሱቅ ውስጥ ይሠራ የሚለውን ያጠናክራል። ዩፒኤሱ፣ ክሊፑ፣ የተቀመጠው ኮፒ ያለው እዚያ ነው። ጊጋባይት በአንዳንድ ቦርዶቹ ላይ ሁለት ቺፕ ያስቀምጣል፤ ብዙ የኤችፒ ላፕቶፖች የዊንዶውስና የቢ ቁልፎች አንድ ላይ ተይዘው ሲበሩ ከፍላሽ ራሳቸውን ይጠግናሉ፤ በርካሹ ቦርድ ላይ ግን እንዲህ ያለ ማምለጫ የለም። ላፕቶፕ ላይ ሌላ ችግር አለ። የዴል ማደሻ ባትሪው አሥር በመቶ ካልሞላ አልሠራም ይላል፤ ያገለገለ ላፕቶፕ ባትሪ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሞተ ነው። ማደሻውን የሚያስገድድ ትእዛዝ አለ፤ በዚህ ከተማ እሱን መጠቀምን እቃወማለሁ። ከተመሳሳይ ሞዴል ጤነኛ ባትሪ ተውሶ መሥራት ይቻላል፤ ይህም ቢሆን ብዙ ላፕቶፕ የሚያልፍበት ሱቅ እንጂ ገዢው የሚችለው አይደለም።

ከዚህ የሚከብደኝ ተቃውሞ አዲሱ ቨርዥን የሚወስደው ነገር መኖሩ ነው። ኤኤም4 ሶኬት ያላቸው አሥራ ስድስት ሜጋባይት ቺፕ የያዙ ቦርዶች አዳዲሶቹን ራይዘኖች እንዲቀበሉ ሲታደሱ፣ ቦታ ስለጠበበ በብዙዎቹ ላይ የቆዩት የኤ ተከታታይ ሲፒዩዎች ድጋፍ ተሰርዟል። ድሬ ዳዋን ይበልጥ የሚነካው ግን የሙቀት ጉዳይ ነው። በበጋው ማብቂያ ከ35 ዲግሪ በላይ በሚወጣ ከተማ ላፕቶፕ ለማቀዝቀዝ የሲፒዩውን ቮልቴጅ በትንሹ መቀነስ የታወቀ ዘዴ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ፕለንደርቮልት የተባለው ክፍተት ይፋ ሆነ፤ ቮልቴጅን በሶፍትዌር በመቀነስ የኢንቴል ሲፒዩ የተጠበቀ ክፍል ውስጥ ስህተት መፍጠር እንደሚቻል ታየ። ከዚያ በኋላ የወጡ ብዙ የላፕቶፕ ባዮሶች ቮልቴጅ መቀነሱን ቆለፉት። አድሶ የዘጋው ሰው ወደ አሮጌው ልመለስ ቢል ብዙ አምራቾች አይፈቅዱም። ይህ ክርክሬን ባያፈርሰውም ያጠበዋል። ማደስ ማለት የመጨረሻውን ቨርዥን ጭፍን ብሎ መጫን አይደለም፤ በመካከል ያሉትን የለውጥ ማስታወሻዎች ማንበብ ነው። የሱቅ ሒሳብ ለሚሠራበት ማሽን መቆለፉን እመርጣለሁ። ቪዲዮ ለሚያቀናብርና ላፕቶፑ በሙቀት ለሚዘገምበት ተማሪ ከዚያ በፊት ያለው ቨርዥን ሊሻል ይችላል። እሱም ቢሆን ማራገቢያው ጸድቶ፣ የደረቀው ቴርማል ፔስት ተቀይሮ ከታየ በኋላ ነው፤ አብዛኛው ሙቀት ከዚያ ነው የሚመጣው።

ሻጩ ትርፉ ቀጭን ነው፤ ይህን ሁሉ ማን ይከፍለዋል ይባላል። ማሽኑ ለጽዳት መከፈቱ አይቀርም፤ ንባቡ በዚያ ላይ የሚጨምረው ጥቂት ደቂቃ ነው። ያልተነበበ ቦርድ ሲሞት የሚሆነውን ደግሞ ሁሉም ያውቃል፤ ከቴሌግራም የሌላ ሰው ቦርድ ኮፒ ይወርድና ይጻፍበታል። ቦርዱ ይነሳል፤ ግን የሌላውን ቦርድ ሴሪያልና ማክ አድራሻ ይዞ ነው። አንድ ኮፒ ለሁለት ቦርድ ተጽፎ ሁለቱ አንድ የትምህርት ቤት ላብራቶሪ ውስጥ ከገቡ ኔትወርኩ አንዱን ከሌላው አይለይም፤ ተራ በተራ ይቋረጣሉ፤ መምህሩም ገመዱንና ስዊቹን ሲቀያይር ይውላል። ድሬ ዳዋ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ በምድር ባቡር ወርክሾፕ ዙሪያ ያደገች ከተማ ናት። እዚያ አምራቹ መሥራት ያቆመውን መለዋወጫ ራሳቸው እየቀረጹ አሮጌ ሞተር ያቆዩ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ፍሬኑ ያልተፈተሸ ባቡርም መስመር ላይ አይወጣም፤ የፍተሻውም ሸክም በተሳፋሪው ላይ አይወድቅም። አሮጌ ማሽን ማቆየት እዚህ ከተማ እንግዳ ሙያ አይደለም። በወርክሾፑ የነበረው ጥንቃቄ ወደ ኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ያልተሻገረበት ምክንያት አይታየኝም።

ክሊፑ የሚያመጣው ፈተናም አለ። በእሱ የሞተ ቦርድ ይነሳል፤ በእሱው የይለፍ ቃል ይጠፋል። ባዮሱ ውስጥ የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ያለበት ወይም አብሶሉት የተባለው የስርቆት መከታተያ የነቃበት ላፕቶፕ ሲመጣ አንዳንዱ ጠጋኝ ሰርዞ ማስረከቡን እንደ ችሎታ ይቆጥረዋል። ድርጅቶች በጨረታ ያስወገዱት ዕቃ ላይ ቃሉ ተረስቶ የሚቀርበት ጊዜ ስላለ ምልክቱ ብቻውን ሌብነትን አያረጋግጥም። ግን ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ደረሰኝ ሳይታይ መሰረዝ የለበትም፤ ደረሰኝ ከሌለው ዕቃው እንደመጣ ይመለሳል። ይህን ለማየትም የሚመቸው ጊዜ ያው ነው፤ ከተሸጠ በኋላ የሚጠየቀው ምንም የማያውቀው ገዢ ይሆናልና።

ሥራው ሲያልቅ ከዕቃው ጋር አንዲት ወረቀት ትሰጥ። የቦርዱ ሞዴልና ጥጉ ላይ የታተመው የሪቪዥን ቁጥር (አንድ ሞዴል በሁለት ሪቪዥን ሁለት የማይለዋወጥ ባዮስ ሊኖረው ስለሚችል)፣ የነበረው ቨርዥን፣ አሁን ያለው፣ የታደሰበት ቀን፣ የተነበበው ኮፒ ያለበት ፍላሽ። ኮፒው ለገዢው ይሰጥ፤ የቦርዱ እንጂ የሱቁ ንብረት አይደለም። ይህን ሁሉ ማድረግ የማይቻልባቸው ቦርዶች ግን አሉ። በአንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ቺፑ እግር የለውም፤ ክሊፕ የሚነክሰው ነገር ስለሌለ ለማንበብ በሙቅ አየር መነቀል አለበት፤ ይህም ካለው ጉዳት በላይ ሊያደርስ ይችላል። እንዲህ ያለው ላይ አዲሱ ቨርዥን የሚዘጋው ግልጽ አደጋ ከሌለ ባዮሱ ባለበት ይቆይ፤ ወረቀቱ ላይም «አልታደሰም፣ ኮፒ አልተወሰደም» ተብሎ ይጻፍ፤ ዋጋው ላይም ይታሰብ።