«ልቀጥል?» ሲላችሁ «አዎ» አትበሉ

ባለፈው ሰሞን የኔትወርክ ሥልጠና የጀመረች አንዲት ልጅ ላፕቶፗን አቅፋ መጣች። «ጋሼ፣ ኢቭ-ኤንጂው በደንብ ይነሳል። ውስጡ ያሉትን ራውተሮች ስታርት ስላቸው ግን ብልጭ ብለው ይጠፋሉ። ኢሜጁ ተበላሽቶ ይሆን?» ኢቭ-ኤንጂ በቪኤምዌር ውስጥ ተነስቶ ራውተሮችን በላፕቶፕ ላይ የሚያስነሳ መለማመጃ ነው፤ ኢሜጁ ደግሞ የራውተሩ ፋይል። እሱን ደጋግማ አውርዳዋለች። የኢንተርኔት ፓኬጅ ከኪሱ የሚገዛ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

«ቪኤምዌር ላይ ማሽኑን ስታስነሺው ምን ይልሻል?» አልኳት።

«ምንም አይልም።» ትንሽ አሰብ አደረገችና፣ «አንድ ነገር ይጠይቃል፤ አዎ እለዋለሁ፣ ያልፋል» አለች።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያች «አዎ» ላይ ነው። የሚጠይቀው መልእክት ቪቲ-ኤክስን፣ ማለትም የፕሮሰሰሩን የቨርቹዋላይዜሽን አቅም፣ ወደ ውስጥ ማሳለፍ በዚህ ማሽን ላይ እንደማይቻል ይናገርና ያለ እሱ ልቀጥል ወይ ይላል። ሰው ሁሉ «አዎ» ይላል። ኢቭ-ኤንጂ ይነሳል፣ አይፒ አድራሻ ያገኛል፣ ገጹ በብራውዘር ይከፈታል። ብልሽቱ ብቅ የሚለው ቆይቶ፣ ላዩ ላይ፣ ራውተሩ ሊነሳ ሲል ነው። ያኔ ጥፋተኛው ራውተሩ ይመስላል። የቪኤምዌርን ሳጥን በገዛ እጁ ምልክት አድርጎ ቪቲ-ኤክስ ይለፍልኝ ላለ ሰው ያ ጥያቄ «አዎ» የሚል ቁልፍ ሊኖረው አይገባም ነበር፤ ከዚህ አቋሜ ማንም አያነቃንቀኝም።

ባለቤት፣ ተከራይና ደባል አንድ ግቢ ሲኖሩ ቆጣሪው በባለቤቱ ስም ነው። ደባሉ መብራት ሲጠፋበት ከተከራዩ ጋር ቢጣላ ምን ዋጋ አለው? እዚህም የፕሮሰሰሩን ቨርቹዋላይዜሽን የሚይዘው ከሁሉ በታች የተቀመጠው አንዱ ሃይፐርቫይዘር፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር፣ ብቻ ነው። ከላይ ያሉት በሱ ፈቃድ ያድራሉ። በልጅቷ ላፕቶፕ ላይ ባለቤቱ ቪኤምዌር አልነበረም፤ የዊንዶውስ ሃይፐርቫይዘር ሃይፐር-ቪ ነበር። እሷ ሃይፐር-ቪ የሚባል ነገር ጭና አታውቅም። ዊንዶውስ 11 ግን «ሜሞሪ ኢንተግሪቲ» የሚባለው ጥበቃ ሲበራ ማሽኑ ገና ሲነሳ ሃይፐርቫይዘሩን ከራሱ ከዊንዶውስ በታች ያስገባዋል። ደብሊውኤስኤል 2፣ ዊንዶውስ ሳንድቦክስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ዶከር ዴስክቶፕም እንዲሁ ያደርጋሉ። የላፕቶፑ ባለቤት የመሰላችሁ ዊንዶውስ ራሱ ተከራይ ሆኗል።

ድሮ ቪኤምዌር ይህን ሲያይ አልሠራም ብሎ ይዘጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው 15.5.5 ግን በሃይፐር-ቪ ላይ ተደርቦ መሥራት ቻለ። ብዙዎች ተደሰቱ፤ እኔ አልተደሰትኩም። ማሽኑ ይነሳል እንጂ ቪቲ-ኤክስን ወደ ላይ ማሳለፍ አይችልም። ፊት ለፊት ይታይ የነበረው ችግር ሁለት ፎቅ ወጥቶ ተደበቀ።

አንድ ወዳጅ አለኝ፤ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፤ እጁ ፈጣን ነው። ለዚህም ሆነ ለሌላው መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ፎርማት። «አንተ ሎግ ስታነብ እኔ ሦስት ማሽን ጨርሼ ገንዘቤን እቀበላለሁ» ይለኛል። እውነት ነው፣ በዊንዶውስ 10 ዘመን ብዙ ጊዜ ይሳካለት ነበር፤ አዲስ ሲጫን ያ ሜሞሪ ኢንተግሪቲ የተባለው ጥበቃ ጠፍቶ ስለሚገኝ። ዊንዶውስ 11ን ማሽኑ የሚመጥን ከሆነ ከባዶ ስትጭኑት ግን ጥበቃው በርቶ ይመጣል። ስለዚህ ወዳጄ ዛሬ ፎርማት ሲያደርግ ችግሩን በአዲስ መልክ እየጫነው ነው። ይህን ስነግረው «ታዲያ በኋላ አጠፋዋለሁ» አለ። ለማጥፋቱ ፎርማቱ ለምን አስፈለገ?

ከፎርማት ቀጥሎ ሁለተኛው ጠላቴ በቴሌግራም የሚዞረው የትእዛዝ ዝርዝር ነው። ገልብጠህ ለጥፍ፣ ጥበቃው ሁሉ ይጠፋል። ሜሞሪ ኢንተግሪቲ ጎጂ ኮድ ወደ ከርነል እንዳይገባ የሚጠብቅ ነው፤ ቀልድ አይደለም። ከመሥሪያ ቤት በተሰጠ ላፕቶፕ ላይ፣ በተለይ ባንክ የምትሠሩ ከሆነ፣ አትንኩት፤ ለልምምድ ሌላ ማሽን ፈልጉ። በግል ማሽን ላይ ደግሞ እኔ የምመርጠው ሁለት ማስነሻ አማራጭ መፍጠር ነው። አንዱ እንደነበረ ይቀራል፤ ሌላው ሃይፐርቫይዘሩ ሳይነሳ የሚገባበት ለላብ ብቻ ይሆናል። ከቀየራችሁ በኋላ «ሪስታርት» በሉ፤ «ሸት ዳውን» ብላችሁ መልሳችሁ ብታበሩ ፋስት ስታርትአፕ ከርነሉን አስተኝቶ ያንኑ ያስነሳዋል፣ ምንም አልተለወጠም ብላችሁም ትምላላችሁ። ባዮስ ውስጥ ከነካካችሁ ደግሞ አንዳንድ ማሽን ኃይሉ ጨርሶ ካልተቋረጠ አዲሱን አይቀበልም። ዴስክቶፕ ከሆነ መብራት መጥፋቱ ይህን ሥራ በነፃ ይሠራልናል።

ከሁሉም በፊት ግን ማንበብ ነው። ሰዎች የታስክ ማናጀርን ምስል ይልኩልኛል፦ ቨርቹዋላይዜሽን በርቷል ይላል። አዎ በርቷል፤ ማን እንደያዘው ግን አይናገርም። ማን እንደያዘው የሚናገረው ከማሽኑ ፋይሎች ጋር የሚቀመጠው የቪኤምዌር ሎግ ነው። ክፈቱትና «ሞኒተር ሞድ» የሚለውን መስመር ፈልጉ። «ሲፒኤል 0» ካለ ቪኤምዌር ፕሮሰሰሩን በቀጥታ ይዟል፤ ወደ ላይ መውጣት ትችላላችሁ። «ዩኤልኤም» ካለ ከሥሩ ሃይፐር-ቪ አለ፤ ከዚያ በላይ ያለውን ራውተር፣ ኢሜጅ፣ ቶፖሎጂ ሁሉ እርሱት። ከዚያ በኋላ ብቻ ኢቭ-ኤንጂ ውስጥ ገብታችሁ የሊኑክሱ ሃይፐርቫይዘር ኬቪኤም መኖር አለመኖሩን ታያላችሁ። ራውተሩን የሚያስነሳው ኪዩኢሙ ኬቪኤምን ማግኘት አልቻልኩም ብሎ ከሞተ ራውተሩ ንጹሕ ነው። ቪኤምዌር ላይ የቪቲ-ኤክሱ ሳጥን ደብዝዞ እምቢ ካላችሁ ደግሞ ቨርቹዋል ማሽኑ ተኝቶ እንጂ ጠፍቶ አይደለም። ከታች ወደ ላይ፤ አንድ ፎቅ ሳይረጋገጥ ወደሚቀጥለው አይወጣም።

መደራረቡ በራሱ ጥፋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ሃይፋ ያሉ የአይቢኤም ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር በኬቪኤም ላይ ሃይፐርቫይዘር በሃይፐርቫይዘር ውስጥ አስኪደው፣ በብዙ የተለመዱ ሥራዎች የፍጥነት ልዩነቱ ከነጠላው ከ6 እስከ 8 በመቶ ብቻ እንደሆነ አሳይተዋል። ሥራቸውን «የኤሊዎቹ ፕሮጀክት» አሉት። ቨርቹዋልቦክስም ከሥሩ ሃይፐር-ቪ ሲኖር መስኮቱ ግርጌ አረንጓዴ ኤሊ ያወጣል። ቢያንስ እሱ እውነቱን በሥዕል ይናገራል።

የእኔ ትውልድ ይህን ጣጣ አያውቀውም ነበር። እኛ የተማርነው በዳይናሚፕስ ነው፤ የአሮጌ ሲስኮ ራውተሮችን የሚፕስ ፕሮሰሰር በሶፍትዌር ብቻ ስለሚያስመስል ቪቲ-ኤክስ አይጠይቅም። ፋኑ ይጮኻል፣ ላፕቶፑ ጭን ያቃጥላል፣ ግን ይሠራል። እውነተኛ ራውተር መግዛት ማን ይችል ነበር? ሥራ ተቀጥሬ ራክ ፊት ስቆም መሣሪያውን በአካል ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ጣቶቼ ግን ትእዛዙን ያውቁት ነበር። ከዚያ ወዲህ የበላሁት እንጀራ ሁሉ የመጣው በላፕቶፕ ውስጥ ከነበሩ፣ በእጅ ከማይዳሰሱ ራውተሮች ነው። ዛሬ ወጣቶቹ የሚለማመዱባቸው ኢሜጆች ራሳቸው ሙሉ ቨርቹዋል ማሽኖች ናቸው፤ ያቺ የፕሮሰሰር ፈቃድ ካልደረሰቻቸው ወይ ይንቀራፈፋሉ ወይ አይነሱም። ራውተር አልነሳ ያለው ልጅ መጨረሻ ላይ የሚጠራጠረው የራሱን ችሎታ ነው። ለዚህ ነው ሰው ሲጠይቀኝ የማይታክተኝ።

ልጅቷ «አይ» ብላ ጀመረች፤ ሃይፐርቫይዘሩ በሌለበት ማስነሻ ገብታ ራውተሮቿን አስነሳች። ሥልጠና የምትወስድበት ላብ ያሉት ዴስክቶፖች ግን አሁንም አይሠሩም። ቪቲ-ኤክስ ከባዮሱ ጠፍቷል፣ ባዮሱ በፓስወርድ ተቆልፏል፣ ፓስወርዱን ያስገባው ሰው ሥራ ለቋል። ላብ የምታስተዳድሩ ሁሉ፣ እባካችሁ ቪቲ-ኤክስን አብሩና ፓስወርዱን በጽሑፍ ለተተኪያችሁ አስረክቡ።