አገርና ሕዝብ ተለያይተው ሲጠኑ

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የኮሌጁ የኢትኖሎጂ ማኅበር፣ ተማሪዎች ስለየትውልድ አገራቸው ልማድ የጻፉትን በመጽሔት ያወጣ ነበር። ሥራው ምስጋና ይገባዋል፤ ለእንግዳ መንገደኛ የማይገለጠውን የአገሩ ልጅ ከአያቱ አፍ ሰምቶ ጽፎታልና።

ይሁን እንጂ እንዲህ ባሉ ጽሑፎች ዘንድ ደጋግሞ የሚታይ አንድ ጉድለት አለ። ልደት፣ ጋብቻና ቀብር በየተራ ይዘረዘራሉ፤ መሬቱ ግን ለጂኦግራፊ ተማሪ የተተወ ይመስላል። አሜሪካዊው አለን ሆበን በጎጃም ዳሞት ያጠናውንና እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመውን ያነበበ ሰው የዚህን ጉዳት በቀላሉ ይረዳዋል። ርስት በአባትም በእናትም ወገን ዘር ተቆጥሮ የሚጠየቅ በመሆኑ፣ ጋብቻውም፣ ዝምድናውም፣ ሙግቱም የመሬት ነገር ነው። ሰርጉን ጽፎ ርስቱን የተወ፣ ሰርጉንም በቅጡ አልጻፈውም።

ነገሩ የገጠር ብቻ አይምሰለን። ከኦሎምፒያ ወደ ካዛንቺስ ያለውን ሠፈር እንመልከት። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጠላት ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው የኢጣልያ ድርጅት ነው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሲሆኑ፣ ኪራያቸው ዝቅ ያለ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ በኮሪደር ልማት ምክንያት የሠፈሩ ብዙ ክፍል ፈርሶ ነዋሪው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። ዕድሩን ብቻ የሚያጠና፣ ማኅበርተኛው ለምን እንደተራራቀ አይገባውም፤ ካርታውን ብቻ የሚያነሣም፣ ከቤቱ ጋር ምን እንደፈረሰ አያይም።

ስለሆነም የታሪክ፣ የሕግና የጂኦግራፊ ተማሪዎችን ባንድ ጥራዝ ማሰለፍ ብቻውን የጋራ ጥናት አያሰኝም። የጋራ የሚያደርገው ሁሉም አንድ ጥያቄ ሲጠይቁ ነው፤ ይኸውም «ይህ ሰው እዚህ ቦታ የኖረው በምን መብት ነው?» የሚለው ነው። የካዛንቺስ ሰዎች ተበተኑ እንጂ የሚያውቁትን አልረሱም። ስለዚህ መዝጋቢ ተማሪ ቢኖር ሥራው የሚጀመረው ዛሬ ነው፤ ጊዜ ካለፈ ግን የሚነግረው አያገኝም።