እናት በአፍ፣ ጭራሮ በጀርባ

እኛ እኮ እናትን ያላስገባንበት ቦታ የለም። ቀስተ ደመናው የማርያም መቀነት ነው። ሕፃኑ ገላው ላይ ምልክት ይዞ ከተወለደ ማርያም ስማው ነው። አፄ ምኒልክ እንኳ ከነጢማቸው «እምዬ» ተብለዋል፤ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑትም እዚሁ እንጦጦ ማርያም ነው። ደርግማ «አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት» እያለ የስንቷን እናት ልጅ ሸኘ!

እንግዲህ አንድ ቀን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ያለውን ዳገት ውጡት። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ አዝለው፣ ወገባቸው ታጥፎ የሚወርዱ ሴቶች ታገኛላችሁ። ከ30 ኪሎ የሚበልጥ ሸክም አለ። ከኋላ የመጣው ባለመኪና ጡሩምባውን ይነፋና «እናቴ፣ ዳር ያዢ!» ይላል። ልብ በሉ፤ አልሰደባትም። «እናቴ» ነው ያላት።

የኔ ጥያቄ ይኼ ቃል ማንን ያስቆማል ነው። የኦሮሞ ሴቶችን ሲንቄ ተመልከቱ። ቀጭን በትር ናት፤ እናት ለልጇ በሠርጓ ጊዜ የምትሰጣት። ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው በሚጋደሉ ወንዶች መሀል ሲገቡ ጠቡ ይቆማል። አራስ የመታ ባል ካለም ተጠራርተው ይወጣሉ፤ ካልካሰ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። የናይጄሪያዎቹ ኢግቦዎችም ምድርን አላ የምትባል እናት አምላክ ያደርጓታል። ቺኑዋ አቼቤ በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ልቦለድ፣ ኦኮንኮ ሳያስበው ነፍስ አጥፍቶ ከአባቱ አገር ሲሰደድ የሚያስጠጋው የእናቱ ወገን ነው። በዚያው መጽሐፍ ዘንዶም ቅዱስ ነው፤ በስህተት የገደለው ሰው እንደ ትልቅ ሰው ወግ ያለው ቀብር ያደርግለታል። ኪስ የሚነካ ክብር ይሏል ይኼ ነው!

እኛ ዘንድስ? ሆሳዕና ዘንባባ በጣታችን አስረን ስለ አህያይቱና ስለ ውርንጭላዋ እንሰማለን። በማግስቱ አህያ ዱላዋን ትቀበላለች፤ ስሟም ተመልሶ ስድብ ይሆናል።

ከነጭራሹ ባዶ ነን አልልም። ነፍሰ ጡሯን «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» የምትል ጎረቤት፣ ምጥ ሲመጣ ከእንቅልፏ ተነስታ «ማርያም፣ ማርያም» ትላለች። ገንፎው ይገነፋል፤ ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን እስኪሞላ ክርስትና ይጠበቃል። እዚህ ላይ ስሙ ሰው ያንቀሳቅሳል፤ እናቲቱም ትንሽ ወገቧን ታሳርፋለች። ከአራስ ቤት ስትወጣ ግን ቃሉ ብቻ አብሯት ይወጣል። «ላም አለኝ በሰማይ» የሚባለው ይኼኔ አይደል?

በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ሲከፈት ተራራው መዝናኛ ሆነ፤ ደግ ነው። የእንጀራ ምጣድ ግን ዛሬም በየሰፈሩ ቅጠል ይፈልጋል። ሸክሟን ግንብ ላይ ደገፍ አድርጋ የቆመችውን ሴት ዋጋ የምትጠይቃት እንጀራ ጋጋሪም የልጆች እናት ናት፤ የእሷም ኪስ የሳሳ ነው። ሁለቱም ልጅ ለማብላት ይከራከራሉ። «ውይ፣ በማርያም! ትንሽ ቀንሺልኝ፣ እናቴ» ትላለች ገዢዋ።