ሦስት ዐሥረኛ ሚሊ ሜትር

አሜሪካ፣ ውድብሪጅ ውስጥ የሐበሻ ጋራዥ ሲባል ለሰው የሚታየው የታክሲ ቶዮታ ነው። የማውቃቸው አንድ አዛውንት መካኒክ ግን ቅዳሜያቸውን የሚያሳልፉት ማሴ ፈርጉሰን 135 ትራክተር ላይ ጎንበስ ብለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ገበያ የወጣ ሞዴል ነው፤ ባለ ሦስት ሲሊንደር የፐርኪንስ ናፍጣ ሞተር አለው። ሙያውን የለመዱት አርሲ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 የተጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) በአካባቢው ትራክተር እንዲስፋፋ ካደረገ በኋላ ነው። ባለርስቱ ትራክተር እየገዛ ጭሰኛውን ያፈናቀለበት ዘመን መሆኑን አልረሳም። የመካኒኮቹን እጅ ግን ከማድነቅ አልቦዝንም።

ቫልቭ ሲያስተካክሉ ማየት ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ያድራል። ክዳኑ ሲነሣ ስድስቱ ቫልቮች ይታያሉ፤ በእያንዳንዱ ቫልቭ ጫፍና በሚጫነው ሮከር መካከል 0.30 ሚሊ ሜትር ክፍተት ያስፈልጋል። ብረት ሲሞቅ ይረዝማልና። ክፍተቱ ከጠበበ ቫልቩ በደንብ አይገጥምም፤ ትኩሱ ጋዝ ጠርዙን ይበላዋል፣ እመቃውም ይደክማል። ከሰፋ ደግሞ ይንኳኳል፣ ቫልቩም ዘግይቶ ይከፈታል።

ስሷን የመለኪያ ብረት ያስገቡና ማስተካከያውን ብሎን በካቻቢቴ ያዞራሉ። ብረቷ ስትሳብ ያዝ እያደረገች መውጣት አለባት። ይህን ማንም ተለማማጅ ይችለዋል። ችግሩ ብሎኑን የሚቆልፈው ዳዶ ሲታሰር ነው፤ ሲጠብቅ ብሎኑንም ይዞት በጥቂቱ ይዞራል፣ ልክ የነበረው ክፍተት ይጠባል። እሳቸው ይህችን ዙር አስቀድመው ያስቧታል። ክፍተቱን ትንሽ አላልተው ይተዉና ካቻቢቴውን በግራ እጃቸው ገትረው ዳዶውን በቀኛቸው ያስራሉ፤ ብረቷም ልክ በሚፈልጉት መጠን ትያዛለች። ደግሞ ይለካሉ።

«ጋሼ፣ አሁን እኮ ለክተውታል» አልኳቸው።

«ካሰርክ በኋላ ካልለካህ፣ አልለካህም» አሉኝ።

በናፍጣው መስመርም ጥንቃቄያቸው ያው ነው። የናፍጣ ፊልትሮ ከተቀየረ መስመሩ ውስጥ አየር ይገባል፤ አየር ይታመቃል እንጂ ኢንጀክተር አይከፍትም። ስለዚህ ከፊልትሮው ጀምረው የማስተንፈሻዎቹን ብሎኖች በተራ ያላላሉ፣ የናፍጣ ማቅረቢያውን ፖምፓ እጀታ በጣታቸው ደጋግመው ይጫናሉ። መጀመሪያ አረፋ ይወጣል። ናፍጣው ጠርቶ እስኪፈስ አይቸኩሉም። ማንኛውንም ብሎን ከመፍታታቸው በፊት ዙሪያውን በንጹሕ ጨርቅ ይጠርጋሉ፤ የኢንጀክሽን ፖምፓው ክፍሎች እርስ በርስ የሚገጥሙት በጣም ተጠጋግተው ስለሆነ፣ ዐይን የማያያት የአሸዋ ቅንጣት ልትፍቃቸው ትችላለች።